ትተህብኝ የሄድከው መርዶ

ይድረስ ለአባ ሌንሳ፣ ለአባወራዬ፤

እንደምን ሰነበትክ ልልህ ጀመርኩና አፈርኩ። የሞተ ሰው ደኅንነቱ የሚጠየቀው ምን ተብሎ ነው? አንተ ብትሆን ሳቅ ብለህ፣ በኦሮምኛው አካም ጅርታ፣ እንዴት አለህ በይኝ፣ እሱ አይከፋም ትለኝ ነበር። እንግዲያው አካም ጅርታ፣ አባ ሌንሳ። ከተለየኸን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ነቀምቴም እንደምታውቃት ናት፤ ዝናቡ አባራ ሲሉት ይመጣል፣ መጣ ሲሉት ያባራል። መቃብርህ አጠገብ ያስተከልነው ጽድ ግን ይዟል፤ እሱን ልንገርህና ደስ ይበልህ።

እኔ ደኅና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ውሸት እንደዚህ ክረምት ያንገሸገሸኝ ጊዜ የለም። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ፤ አንተ ሁልጊዜ ትቸኩላለህ።

በመጀመሪያ የቤቱን። ሌንሳ አስተማሪ ሆና ቢላ ከተማ ተመደበችልህ። መንገዱ ደኅና ሲሆን ትመጣለች፣ ሳይሆን ትደውልና በላሽ ወይ፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ ወይ ትለኛለች፤ ልጅቷ እኔ ሆኛለሁ። ጓሮ ያለው አቮካዶ፣ ያ አያፈራም ብለህ ልትቆርጠው መጥረቢያ ያነሣህበት፣ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። አየህ፣ እልኸኛ ነው፤ ባለቤቱን ነው የመሰለው። ከጓዳው በላይ ያለው ቆርቆሮ ነገ እደፍነዋለሁ እንዳልከኝ ቀረ፤ ባልዲ አስቀምጬበት እኖራለሁ። የላስቲክ ቦቲህም ከበሩ ኋላ ነው። ሌንሳ ለሰው እንስጠው ብትለኝ ተቆጣኋት፤ ከዚያ ደግሞ ስለተቆጣሁ አለቀስኩ። ምን አባቴ ላድርግ።

ቡናማው ቦርሳህ ግን ሥራ አልፈታም። ፋሻው፣ ጓንቱ፣ የእከክ ቅባቱ፣ በጎን ኪሱ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስህ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይዤው ወደ ማረሚያ ቤት እሄዳለሁ። አትሳቅብኝ! አዎ፣ እኔው ነኝ፤ ያቺ ሰው ገድሎ ለገባ ሰው ሳሙናዬን አልሰጥም ብላ በር ላይ የቆመችብህ ሴት።

ትዝ ይልሃል? ጡረታ ስትወጣ አሁንስ አረፈልኝ ብዬ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት በጤና ረዳትነት የሰው ቁስል ስታጥብ ኖረህ፣ እንደ እኩዮችህ ደጅ ላይ ወንበር አውጥተህ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ትላለህ ስል፣ አንተ ወንጌሉንና ቅባቱን ባንድ ቦርሳ ከተህ እስረኛ ፍለጋ ወጣህ። ሌሎቹ አገልጋዮች እጃቸውን ጭነው ፈውስ ሲጸልዩ አንተ መጀመሪያ ጓንትህን ታጠልቃለህ። ቁስሉን እግዚአብሔር ይፈውሳል፣ መግሉን ግን እኛ እንጥረግለት ትል ነበር። እኔ ጊዳ አያና ያደግሁ የወሎ ሰፋሪ ልጅ፣ የእናንተን ቤተ ክርስቲያን ከገባሁ በኋላ እንኳ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አልቀምስም፤ አንተም ግማሿ ገና ወሎ ናት እያልክ ለእንግዳ ታስቅብኝ ነበር። እንዲያ ሆኜ ነው ያንተን የእስረኞች አገልግሎት የወረስኩት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ።

መጀመሪያ ይዘኸኝ የሄድክ ቀን ከሁሉ የደነቀኝ ያ አጥር ነው። ሁለት ሽቦ ፊት ለፊት፤ በወዲህኛው ጠያቂ፣ በወዲያኛው እስረኛ፣ መካከሉ ላይ ዋርድያው ይመላለሳል። እጅ ለእጅ አይደራረሱም። የምትጠይቀውን ሰው ስም ለጠሪው ትነግረዋለህ፤ ጠሪውም ራሱ እስረኛ ነው፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ እገሌ! ጠያቂ! ብሎ ይጮኻል። የተጠራው ሰው ሲሮጥ ሲመጣ፣ ያልተጠሩት ደግሞ ያልሰሙ መስለው ወደ ሥራቸው ሲያቀረቅሩ አየሁ። አንተ ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ፣ ሰው ታሰረ የሚባለው ስሙን የሚያስጠራለት ሲያጣ ነው አልከኝ። እኔ ጫማዬ በጭቃ ስለተበላሸ ስነጫነጭ ነበር፤ ሰምቼሃለሁ ግን።

ስሙን የሚያስጠራለት ካጡት አንዱ ገመቹ ነበር። የጊዳ አያና ልጅ ነው። በግጦሽ ጠብ ጎረቤቱን አንድ ጊዜ በዱላ መታው፤ ሰውየው አልተነሣም። ብዙ ዓመት ተፈረደበት። እሱ እንደገባ አገሩ ታወከ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ መንደራቸው ተበተነ፤ ጠያቂ የሚባል ቀረበት። አንተ ስታገኘው ገላው በእከክ ተበልቶ፣ አንደበቱ ተዘግቶ፣ ስሙን ሲጠሩት እንኳ ዞሮ አያይም ነበር። ጋኔን አለበት ብለው የሚሸሹትም ነበሩ። አንተ በፈቃድ ወደ ውስጥ ስለምትገባ እጆቹን በሞቀ ውሃ አጠብክ፣ ቀባህ፣ ጸለይክ። ምንም አላለህም። በሳምንቱም አልናገር አለ፣ በወሩም።

ከዚያ እናቱን ፍለጋ ተነሣህ። ከጊዳ አያና የተፈናቀሉትን ሰዎች ስትጠያይቅ ከርመህ፣ አደ ዲንቂቱን ኡኬ ከተማ ዘመድ ቤት አገኘሃት። እግሯ አብጦ መኪና መውጣት አትችልም ነበር። ተመልሰህ፣ እናትህ በሕይወት አለች፣ ሲሻላት መጥታ ታይሃለች አልከው። ሀርሜ ኮ አለ። እናቴ አለ! ያን ሁሉ ጊዜ ተዘግቶ የኖረው አፍ በዚህች ቃል ተከፈተ። ቤት መጥተህ አቮካዶው ሥር ቆመህ ስታለቅስ በመስኮት አየሁህ። ያን ዕለት እንደ አዲስ ወደድኩህ፣ አልነገርኩህም እንጂ።

ልጁ ከዚያ በኋላ ሰው ሆነ። እከኩ ደረቀ። ግቢው ውስጥ ካሉት አማኞች ጋር ይዘምር ጀመር፤ ከእንጨት በጠረበው ኪሮሽ ሹራብ መሥራትም ለመደ። ሁሉም ለእናቱ ነው። እናቴ ስትመጣ፣ እናቴ ስታየኝ ነው ወሬው።

አጎቱ ቤታችን የመጣ ቀን ምን እንደሚል ገና ከበሩ አውቀሃል። አደ ዲንቂቱ እዚያው ኡኬ አርፋለች። ቀብረዋታል። ልጁ ግን እንዳይሰማ፣ ገና አሁን አገገመ፣ ይፈርስብናል አለ። አንተም ለጊዜው እሺ አልክ እንጂ መሸሸጉን አልወደድከውም። መርዶ ወርውረውት የሚሄዱት ነገር አይደለም አልከኝ። በማለዳ፣ ሽማግሌ ይዘን፣ የሥጋ ዘመዱ ባለበት፣ ራሱን ሲጥል የሚይዙት ሰዎች በዙሪያው አቁመን ነው። ሽማግሌዎቹን ይዘህ ወደ ውስጥ ለመግባት የማረሚያ ቤቱን ኃላፊ ጠየቅህ፤ እሱም ደስ የሚል መልስ ሰጠህ። የምትለብሰውን ጋቢ አጥቤ አሰጣሁልህ። ጋቢው ሳይደርቅ ጓሮ ወደቅህ።

ሆስፒታል ምላስህ ተሳስሮ፣ እጄን ይዘህ ዓይንህን ወደ ቦርሳው ትልክ ነበር። እኔም እሺ፣ እሺ፣ አታስብ አልኩህ። ምን እንደተሸከምኩ መች አወቅሁ! አንተ ሄድክ፤ መርዶው እኔው ላይ ቀረ።

እስረኞቹ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀመጡልህ፤ ይህን ሳትሰማ አትቅር። ቀብርህ ላይ መቆም ስላልቻሉ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ልቅሶ አደረጉ፤ አስለቃሹም ገመቹ ነበር አሉ። ሐዘኔ ሳይበርድ ቦርሳህን ይዤ ሄድኩ። እኔን ከአጥሩ አያሳልፉኝም፤ ቅባቱንና ፋሻውን ዋርድያው ፈትሾ ወደ ውስጥ ያስገባልኛል፣ ማን ማንን እንደሚቀባ አላውቅም። ገመቹን አስጠራሁት። ሮጦ መጣና ከወዲያኛው ሽቦ ጀባዹ ሀርሜ፣ በርቺ እናቴ አለኝ፤ እሱ እኔን አጽናናኝ። ቀጥሎ ቁልፍ ያለው አረንጓዴ ሹራብ በዋርድያው እጅ አሳለፈልኝ። ለእናቴ ነው፣ ኡኬ የሚሄድ ሰው ስታገኚ ላኪልኝ አለ።

አፌን ከፈትኩ። በቀኜ አንዲት ሴት ለባሏ ስለ ልጃቸው ትምህርት ቤት ትጮኻለች፣ በግራዬ ሽማግሌ ጆሮው አልሰማ ብሎት ምን አልክ፣ ምን አልክ ይላል፣ ዋርድያው ሰዓት! ይላል። በዚህ መሐል እናትህ ሞታለች ይባላል? ማን ሊይዘው? እሺ፣ እልክላታለሁ አልኩት።

ከሹራቡ በኋላ ካልሲ መጣ። ከካልሲው በኋላ ኮፍያ። ሹራቡ ልክ ሆናት ወይ ሲለኝ ልክ ሆናት አልኩ። ምን አለች ሲለኝ መረቀችህ አልኩ። ሁሉም ሳጥኔ ውስጥ ተጣጥፎ ነበር፣ አባ ሌንሳ፤ ያንተ ጋቢ ላይ።

ሰው አላማከረችም እንዳትለኝ። ቄሱን ጠየቅሁ፤ እንጸልይበት አሉ። ሽማግሌዎቹን ጠየቅሁ፤ መስከረም ይጥባ አሉ። መስከረም ጠባ፣ ገና ይለፍ አሉ። አንተን እሺ ያለህ ኃላፊ ተቀይሮ አዲሱ ስለ ፈቃዱ የማውቀው የለም አለኝ። አጎቱ ስልኩን ማንሣት ተወ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ ልጁ አሁን ገና ሰው ሆነ፣ አታፍርሺው። ሆድ ያውቃል ዶሮ ማታ። አንዳንዱን ቅዳሜ አሞኛል ብዬ ለመቅረት አስብና፣ ቅዳሜ ሲነጋ እግሬ ራሱ ይወስደኛል።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ዘንድሮ ዝናቡ ሲጀምር፣ እንጸልይ አለኝ። ሽቦውን ይዞ ዓይኑን ጨፈነና ለእናቱ እግር ጸለየ። እብጠቱን አጉድልላት፣ መንገዱን ክፈትላት፣ ሳልሞት ልያት አለ። ጸሎቱን ሲጨርስ እኔን ጠበቀኝ። አሜን አልኩ። ለተቀበረች ሴት እግር አሜን አልኩ! አንተ ስንቱን ዓመት ስታገለግል እንዲህ ያለ አሜን ወጥቶህ ያውቃል? ወደ ቤት ስመለስ በባጃጅ ውስጥ ጮክ ብዬ አንተን ሰደብኩህ፤ ነጂው በመስታወት እያየኝ ነበር። ይቅር በለኝ። ግን ብስጭቴ ገና አልወጣልኝም።

ከዚያ ወዲያ ማንንም አላማከርኩም። ኡኬ ወርጄ አጎቱን ከቤቱ ደጅ ላይ ይዤ አመጣሁት። ካንተ ጋር ይሄዱ የነበሩትን ሁለት ሽማግሌዎች ለመንኩ። ያ መካከሉ ላይ የሚመላለሰው ዋርድያ፣ ስንቅ ባመጣሁ ቁጥር ቅመሺ እያለ የሚያስቀምሰኝ፣ ነገሩን ስነግረው ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከና፣ ውስጥ ላሉት አማኞች ሹክ ልበላቸው አለኝ። ወደ ውስጥ መግባት ካልተፈቀደልን፣ የሚይዙት ሰዎች ከወዲያ በኩል ይሁኑ አልን። እንግዲህ ካንተ ወግ ማድረስ የቻልኩት ይህችኑ ነው።

ቅዳሜ በሩ እንደተከፈተ ቆምን። ጠሪው ገመቹ! ጠያቂ! አለ። ኪሮሹን ከነክሩ እንደያዘ እየሮጠ መጣ። አጎቱን ጋቢ ለብሶ አየው። ሽማግሌዎቹን ተሰልፈው አያቸው። ዞር ሲል አማኝ ወንድሞቹ ከኋላው ቆመዋል። የዚሁ አገር ልጅ አይደል? ሰው በማለዳ ተሰልፎ ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል። አጎቱ የጀመረውን ቃል አልጨረሰም። ልጁ ራሱን ጣለ። ከወዲያ ያሉት እጁን፣ ወገቡን፣ ራሱን ያዙለት፤ አብረውት ወደቁ። እኛ ከወዲህ አለቀስን። እጄን በሽቦው አሾልኬ ዘረጋሁ፣ ግን እስከሱ አይደርስም። ዋርድያው ሰዓት ሳይለን ሰዓቱ አለፈ፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

ሲበርድለት መቼ ነው አለ። አጎቱ አምና ከክረምት በፊት አለው። ያኔ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ሹራቡስ? አለኝ።

ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። ቤቴ ነው፣ ሳጥን ውስጥ ነው አልኩት። ምነው በሰደበኝ! ክሩን ከመሬት አነሣ፣ ጭቃውን በእጁ ጠረገለትና፣ ደግፈውት ወደ ውስጥ ገባ።

እውነት አርነት ያወጣል ስትል ትኖር ነበር። ይኸው እውነቱን ነገርኩት፤ ልጁ እንደገና ታሰረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲጠራ አይወጣም። መዝሙሩን ተወ። እከኩ በጣቶቹ መካከል ተመለሰበት ይለኛል ዋርድያው፤ ቅባቱን ልኬለታለሁ፣ ይቀባው አይቀባው አላውቅም። ሹራቡን ይዤለት ብሄድ አልቀበልም ብሎ መልሶ ላከው። ያንተ ጸሎት አፉን ከፈተው፣ የእኔ ውሸት ዘጋው እላለሁ ለራሴ። ሌንሳ ደግሞ እማዬ፣ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር ትለኛለች። እኔም ራሴን የምጠይቀው እሱኑ ነው። ተንበርክኬ ዝም እላለሁ፤ ጸሎት ከሆነ ጸሎቴ ያ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጭኮ ለውሼ ሄድኩ። ዝናቡ ያንን ግቢ ኩሬ አድርጎታል። ቀምሼ አሳለፍኩለትና አስጠራሁት። አልወጣም። ቆይቼ ደግሜ አስጠራሁት። አልወጣም። ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ርሷል። ሐቁን ልንገርህ፣ በልቤ አበቃሁ አልኩ፤ ቦርሳውን ለቤተ ክርስቲያን ወጣቶች እሰጣለሁ፣ እነሱ ይሂዱ፣ እኔ ሐዘኔን ልቀመጥ አልኩ። ዞሬ ጥቂት እንደሄድኩ ጠሪው፣ ያ ድምፀ ሻካራው ሽማግሌ፣ እያነከሰ ወደ ሽቦው መጥቶ እናት፣ እናት ብሎ መለሰኝ። ገመቹ መልእክት ልኳል አለኝ። እኔ አልወጣም፤ ግን ሳትሄድ አንዴ ደግማ ታስጠራኝ ብሏል።

እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ሽማግሌው እጁን አፉ ላይ አድርጎ በዚያ ዝናብ ውስጥ፣ በዚያ ቆርቆሮ ሁሉ ላይ፣ ገመቹ! ጠያቂ! አለ። የወጣ ሰው የለም። እኔም እዚያው ቆሜ ድምፁ እስኪጠፋ ሰማሁት።

ልጁን ላድነው አልቻልኩም፣ አባ ሌንሳ። ያንተ እጅ የለኝም፣ አጥሩንም አላልፍም። ቦርሳህን ግን ለማንም አልሰጥም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ እግሬ እምቢ እስኪለኝ ድረስ፣ ከዚያ ሽቦ ሥር ቆሜ ስሙን አስጠራለታለሁ፤ ይውጣም አይውጣም። አንተንም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ጓሮ ወጥቼ አባ ሌንሳ እልሃለሁ፤ ትወጣልኛለህ ብዬ አይደለም።

ያቺው የሌንሳ እናት